ቀዩን ከየት እናመጣዋለን?

(በማኅበራችን የግንቦት ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በፈትልና ስፌት ኮሚቴው ስም የተነበበ)



እንድንናገር የተፈቀደልን ቡናው እስኪፈላ ድረስ ነው። ስለዚህ «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት አንደግመውም፤ በየስብሰባው ሰምታችሁታል። የመጣነው አንድ ጥፋት ልንናዘዝና አንድ ነገር ልንለምናችሁ ነው። ጥፋቱ ይቅደም።

ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እስከ ጥር የሠራናቸውን 24 የበግ ፀጉር ምንጣፎች ታስታውሳላችሁ። ገዢው አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ነበር። የፈለገው በዕፅዋት ብቻ የተነከረ ምንጣፍ ነው፤ ለዚህም ከተለመደው ዋጋ እጥፍ የሚጠጋ ሊከፍል ተስማማ። ቀዩን በእንሶስላ፣ ቢጫውን በሽንኩርት ልጣጭ አደረግን፤ ጥቁሩና ቡናማው ከራሱ ከበጉ የተገኘ ነው። ደስ ብሎን ጀመርን። 15ኛው ላይ ስንደርስ እንሶስላው አለቀ። ዘንቢል ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን፤ ያገኘነው ራሳችን የቆፈርነውን ጉድጓድ ነው። የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ደርሷል። ያኔ ከመካከላችን አንዷ ገበያ ሄዳ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ቀይ ዱቄት ገዝታ መጣች። ማን እንደሄደች አትጠይቁን፤ የላክናት ሁላችንም ነን። የቀሩትን ዘጠኝ ምንጣፎች ክር በዚያ ነከርን። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ቀዩ ከቀዩ አልተለየንም፤ እንዲያውም የዱቄቱ ደመቅ ያለ ነበር። ከዚያም በ24ቱም ላይ «በዕፅዋት ብቻ የተነከረ» የሚል ወረቀት አሰርን።

ከሁለት ወር በኋላ ዘጠኙ ተመለሱ። አንዱን የገዛች ሴት ቡና ፈስሶባት በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ቀዩ ወደ ነጩ ወረደ። ነጋዴው ሌሎቹንም በውኃ ሲሞክራቸው ያው ሆኑ። ስልክ ሲደውል አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለን ነበር። «እናንተ ወረቀቱን ባታስሩበት ኖሮ እኔም አላስርበትም ነበር» ብቻ አለ። የዘጠኙን ዋጋ ከቁጠባችን መለስንለት። በፋሲካ ሰሞን የትርፍ ድርሻችሁ ለምን አነሰ ብላችሁ ስትጠይቁን «ገበያው ቀዝቅዞ ነው» ያልናችሁ ይህን ነው። ገበያው አልቀዘቀዘም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ያው ነጋዴ ተመልሶ መጥቷል። የ15ቱ ቀለም በመጽናቱ የገዙት ሰዎች ሌላ እያሉት ነው፤ እስከ ገና 40 ምንጣፍ ይፈልጋል። ከመካከላችን «ምን ይጠየቃል፣ እንቀበል እንጂ!» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኛም ብሩን አንጠላም። ነገር ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት ቀዩን ከየት እንደምናመጣው አብረን እንድናስብ ፈለግን።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። በየኤግዚቢሽኑ «አያቶቻችን ልብሳቸውን ሁሉ በዕፅዋት ይነክሩ ነበር» ሲባል እንሰማለን፤ እኛም ለእንግዳ ስንናገር ብለነዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የአያቶቻችን ልብስ ነጭ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ሸማኔው ዘንድ ሲሄድ ነጭ እንደሆነ ነው የሚሄደው። ጥለቱ ላይ የሚገባው ቀይና ሰማያዊ ክር በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ በምጽዋ በኩል የገባ ነበር። ከውጭ የመጣውን ባለቀለም ጨርቅ ፈትተው ክሩን ለጥለት ያውሉት እንደነበር የድሮ ተጓዦች ጽፈዋል። ጨርቅ ማጥቆርም ቢሆን ከሐዘን ጋር የተቆራኘ ነው፤ ከል የሚለበሰው ለሞተ ሰው ነው። በመሶቡ ላይ የምናየው ሐምራዊና አረንጓዴ አለላም ቢሆን በእናቶቻችን ዘመን በገበያ ዱቄት የተነከረ ነው። ይህን ስንል እናቶቻችንን ማሳነሳችን አይደለም። በዚያ ዱቄት ያወጡት መሶብ የራሳቸው ጥበብ ነው፤ ዱቄቱን ማንም ይሽጠው፣ ስንደዶውን ሰንጥቃ፣ አክርማውን አጭዳ፣ በወስፌ እየወጋች ያንን ሐረግ ያወጣችው እጇ ነው። እኛ የምንለው በራሳችን ያልነበረን ነገር ነበረን ብለን አንሽጥ ነው። የነበረን ይበቃናል።

ዱቄቱ ራሱ ከየት እንደመጣ ከልጆቻችን አንዷ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ አንብባ ነገረችን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ ለወባ የሚሆን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለማውጣት ሲሞክር፣ መድኃኒቱን አጣና ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ቀለሞች መንገድ ተከፈተ። በ1897 ጀርመኖች ሰማያዊውን ኒል በፋብሪካ ሠርተው መሸጥ ሲጀምሩ፣ በህንድ አገር ተክሉን እያመረተ ይኖር የነበረው ገበሬ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያውን አጣ። የወባው መድኃኒት ፍለጋ እኛ መንደር ድረስ ቀይ ዱቄት ይዞ መጣ ማለት ነው። ነገሩ ያስቀናል፤ ያሳዝናልም።

እንግዲህ የኛ የምንለው ቀይ የትኛው ነው? ለዚህስ መልስ አለን፤ እንሶስላ ነው። ጉሽሪት የምትሉትም አላችሁ። ከሠርግና ከዓመት በዓል በፊት ሥሩን ወቅጠን፣ መዳፋችንና እግራችን ላይ አድርገን፣ በቅጠልና በጨርቅ ጠቅልለን ያደርንበት ነው። ጠዋት ሲፈታ ማን የበለጠ ቀላ ብለን ያልተከራከርን አለን? ተክሉ ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ ወንዝ ዳር፣ ገደል ሥር፣ ከዛፍ ጥግ ነው የሚገኘው። ከሰው ቁመት በላይ ሊሄድ ይችላል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ቀይ የተረጨበት ይመስላል፤ ሲመሽ ደግሞ ይሸታል። የሳይንስ ሰዎች በላቲን ያወጡለት ስም ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው። እነሱም የሴቶቹን እጅ አይተው ነው የሰየሙት ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ስንጀምር በጥጥ ላይ ሞክረነው ነበር። ሦስት ልቃቂት አበላሸን። ቀዩ ወጣና አንዴ ሲታጠብ የቆሸሸ ነጭ መሰለ። ያኔ ከአባሎቻችን በዕድሜ የገፉት እናታችን፣ ስማቸውን እንዳንጠራ ከልክለውናል፣ ዛሬ ግን ከፊት ተቀምጠዋል፣ ስቀው «ልጆቼ፣ ጥጥ ሣር ነው። እንሶስላ የሚይዘው ሥጋ ያለውን ነው» አሉን። አልገባንም ነበር። በኋላ የግብርና ባለሙያዋ ስትመጣ ጠየቅናትና እውነት ሆኖ ተገኘ። ቆዳችን፣ ጥፍራችንና የበግ ፀጉር ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ጥጥ ግን ከዕፅ ወገን ነው፤ ቀለሙን ለመያዝ ብዙ ማግባባት ይፈልጋል። እጅ ላይ የሚቆየው ቀለም በግ ፀጉር ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። (በነገራችን ላይ እኛ ቋንቋ ውስጥ ሱፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ለጾም ፍትፍት የምናደርገው፣ ሌላው ኮት የሚሰፋበት። የሚበላው ሱፍ አበባም በሌላ አገር ጨርቅ ማቅለሚያ ነው፤ ቢጫው በውኃ ይወጣል፣ ቀዩ ደግሞ በአመድ ውኃና በኮምጣጣ ነገር ነው የሚገኘው። እኛ እስካሁን ከፍትፍቱ አላለፍንም።)

ደገኞች በመሆናችን ዕድለኞች ነን። የመንዝ በግ ፀጉር ለባናውም፣ ለዝተቱም፣ ለበርኖሱም ሲያገለግል የኖረ ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ሆኖ ሳይነከር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከዕፅዋት የምንፈልገው ቀዩንና ቢጫውን ብቻ ነው።

እኚያ እናታችን ያስተማሩንንና ባለሙያዋ የጨመረችልንን፣ ያልነበራችሁ እንድትሰሙት ባጭሩ እንበለው። ፀጉሩ በእንዶድ ታጥቦ ቅባቱ ይለቃል። ከዚያ በአሉም ይቀቀላል፤ አሉም ውኃ ማጥሪያ ላይ የሚጨመረው ነው፤ ለአንድ ኪሎ ደረቅ ፀጉር ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል። ይህን የዘለልን ጊዜ ቀለሙ ይለቃል። እሳቱ በዝግታ ነው የሚጨመረው፤ ፀጉር ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ከገባ ይጠቀጠቅና ብርድ ልብስ ሳይሆን ቆብ ይሆናል፤ ይህንም በራሳችን አይተናል። የተወቀጠው ሥር ከፀጉሩ ጋር ሳይንተከተክ ለብ እንዳለ ይቆይና እዚያው ያድራል። ጠዋት ወጥቶ በጥላ ይሰጣል። የሚወጣው ቀይ ወደ ጡብ የሚያደላ ነው። የዱቄቱን ያህል አይጮህም። ስናየው ግን እጃችንን ነው የምናየው።

ቢጫው ቀላል ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ምግብ ቤቶች ይጥሉታል፤ ጆንያ ሰጥተናቸው ያጠራቅሙልናል። እርድ ግን አትንኩ። ከድስቱ ሲወጣ እንደ አደይ አበባ ያበራል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይጠፋል። በዚህ አንድ ሙሉ ምንጣፍ ከስረናል። የመቅመቆ ሥር ቅቤ ስናነጥር የሚሰጠንን ዓይነት ቢጫ ይሰጣል። የግራር ቅርፊት ቡናማ ያወጣል፤ የዛገ ሚስማር ያደረበት ውኃ ጠብ ሲልበት ይጠቁራል፤ ብረቱ ከበዛ ግን ፀጉሩን ያደርቀውና ይሰባብረዋል። ይህን ሁሉ አሁን በደብተር እየጻፍን ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ አጠገብ የክሩን ቅንጣቢ በወረቀቱ ቀዳዳ አሳልፈን እናስራለን፤ ምክንያቱም «ደህና ቀይ» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው ምንም አይነግረውም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ሽንኩርት ልጣጩን ብንወስድ ማንንም አንጎዳም። ቅጠል ብንቀጥፍ መልሶ ይበቅላል። እንሶስላና መቅመቆ ግን ቀለማቸው ሥራቸው ውስጥ ነው። ሥሩን ስንወስድ ተክሉን ወሰድን ማለት ነው። ሴቶች ለሠርግ ሲቆፍሩ የአንድ እፍኝ ነገር ነበር፤ ለዚያ ወንዙ ይበቃ ነበር። እኛ በደረስንበት ልክ ለአንድ ኪሎ ፀጉር ደህና ቀይ የሚሰጠው ሁለት ኪሎ ትኩስ ሥር ነው፤ አንድ ምንጣፍ ደግሞ አንድ ኪሎ ያህል ቀይ ክር ይፈልጋል። ለ15ቱ ምንጣፍ 30 ኪሎ ቆፈርን፤ ወንዙ ዳር ባዶ ሆነ። 40 ምንጣፍ 80 ኪሎ ነው። «ባህላችንን እንጠብቃለን» ብለን በተቀበልነው ብር ባህሉ የበቀለበትን ቦታ የጨረስነው እኛው ነን። ዱቄቱ ይህን አላደረገም። ይህን ቃል ስንጽፍ በመካከላችን ክርክር ነበር፤ ይውጣ ያሉም ነበሩ። እንዲቆይ አደረግን።

ደግነቱ እንዲህ ላለው ችግር መላ ከሩቅ አንፈልግም። የመንዝን ጓሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ በመሆኑ፣ የአካባቢው ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም፤ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ለሁሉም ይከፈታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ላልቶ ነበር፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ አቋቋመው። ዛሬ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ ያሉት ሣሩ በመኖሩ ነው። ጓሳን የሚያህል ተራራ መዝጋት ከተቻለ አንድ ወንዝ ዳር መዝጋት እንዴት ያቅተናል?

ስለ 40ው ምንጣፍ ያሰብነውም አለ። ከኮሚቴው አንዷ፣ የአያቷን ነጠላ ከሣጥን አውጥታ አመጣች። ጥለቱ ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ናት። ቀይ ክር ከባሕር ማዶ በውድ ሲመጣ በጠርዝ ብቻ ማድረግ የግድ ሳይሆን አልቀረም ብለን እንገምታለን፤ ሰፊ ቀይ መስመር ያለበት ጃኖ የመኳንንት የነበረውም በከንቱ አይመስለንም። እኛ ግን ባለፈው ዓመት የምንጣፉን ግማሽ ቀይ አድርገን ሠራን፤ ገዢው ስለወደደው። ከእንግዲህ ቀዩ እንደ ነጠላው በጠርዝ አራት ጣት ብቻ ይሁን፤ መሐሉ በጉ ራሱ የሰጠን ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ ይሁን እንላለን። ሸማኔዎቹ ሲሰሙ «እንዲያውም ያምራል» አሉ። የክሩ ሂሳብም ከአንድ ኪሎ ወደ ሩብ ኪሎ ይወርዳል።

ልጆቻችን ስለ ክፍያው የሚሉትንም ሳናነሳ አናልፍም፤ እዚህ ስላሉ። «እንዝርት ይዤ ስቀመጥ ጓደኞቼ ያዩኛል» አለች አንዷ። ባለሙያን በሥራው መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ቀንሷል። ክፍያው ግን ገና ነው። ከምንጣፉ ዋጋ ፈታይዋ የሚደርሳት ትንሽ ነው፤ ሸማኔውም ብዙ አይደለም። አንዲት ልጅ ሥር ስትወቅጥ ውላ ከልብስ ማጠቢያ ያነሰ ካገኘች፣ «ባህል ነው» ብንላት አትሰማንም፤ ልክ ናት። ስለዚህ ለነጋዴው የምንሰጠው ዋጋ የወቃጭዋን ቀን የቆጠረ ይሆናል። እምቢ ካለ ይቅርበት።

የምንለምናችሁ እንግዲህ ይህ ነው። 40ውን አንቀበል። ለገና 12 እንስጠው፤ ቀዩ ጠርዙ ላይ ብቻ ሆኖ። ለዚያ የሚሆን ስድስት ኪሎ ሥር ከሦስት አባላት ጓሮ ይገኛል፤ ጠይቀናቸው ፈቅደዋል። ወንዙ ዳር ለሁለት ክረምት ይዘጋ፤ ለሠርግ የሚቆፍሩ ጎረቤቶቻችንን ለመከልከል መብት የለንም፣ እኛ ግን አንቆፍር። እኚያ እናታችን ከቆፈርነው ከሦስት እጅ አንዱን እንድንመልስ ነበር የነገሩን፤ ከዚህ በኋላ ይህ የማኅበሩ ደንብ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የምንጽፈውም ይቀየር፤ የትኛው ቀለም ከምን እንደወጣ፣ የገበያ ክር ካለበትም «የገበያ ክር አለበት» ተብሎ ይጻፍ። ለነጋዴው ይህን አስቀድመን ነግረነዋል። ዝም ብሎ ቆየና «12ቱን ላኩ» አለ፤ ስለ ዋጋው ግን ገና አልተስማማም።

በድምፅ የምንወስነው ከቡናው በኋላ ነው፤ የተቃወመች ትናገር፣ አንቆጣም።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን በሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ዘንቢሎች እዩ። የእንሶስላ ሥር ነው፤ ለያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ይደርሳል። ድምፁ በየትኛውም ቢያልፍ ውሰዱ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ፀሐይ በማይበረታበት፣ የእጅ መታጠቢያችሁ ውኃ በሚፈስበት ጥግ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስንዝር ያህል ቅበሩት። ዶሮ ይጭረዋል፤ እሾህ ጣል አድርጉበት። በበጋ ግንዱ ሲደርቅ ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት፤ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉለት።